ጉድሩን ጃኬቴን ስትጎትት

ሁለት አልኳት፣ ሁለት ግን አይደለም፣ አራት ነው፣ አራትም ያልፋል፣ ነርሷ ቦዲል ሁለት ብላ ጻፈች፣ ይቅር በለኝ ጌታዬ፣ በጠዋቱ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ዋሸሁ። በየአምስት ደቂቃው ትጠይቀኛለች፣ ላውሪትስ፣ መንቀጥቀጥህ ከአንድ እስከ ሰባት ስንት ነው፣ አምስት ካልኩ አዲሱን ዱቄት በአፍንጫዬ ይነፉታል፣ ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያስረዳኝ፣ መጀመሪያ በኢንሱሊን የደሜን ስኳር ሆን ብለው ያወርዱታል፣ ከዚያ ዱቄቱ በስንት ደቂቃ እንደሚመልሰኝ ይለካሉ፣ መድኃኒቱ ገና ስም አልወጣለትም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ግራ እጄ በሚሞቀው ሣጥን ውስጥ ነው፣ ደም የሚቀዱት ከዚያ ነው፣ ቀኝ እጄ ቀዝቅዟል፣ ላቤ በአንገቴ ይወርዳል፣ አምስት ግን አልልም። ገና አልልም። መጥታለች።

ጉድሩን መጥታለች። ከኋላዬ ናት፣ ፊቷን አላይም፣ የእንጆሪ ከረሜላዋ ይሸተኛል።

ሚስቴ ናት፣ አርባ አንድ ዓመት በመንደራችን ጸሎት ቤት ከኋላዬ ተቀመጠች። ቆሜ ስጸልይ አንዳንዴ ቃሉ ይበዛብኛል፣ ባሕር ላይ ላሉት፣ ለመበለቷ፣ ለማዕበሉ፣ ለአሸዋው፣ እንደገና ለመበለቷ፣ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ወንድሞች አሜን ይላሉ፣ ላውሪትስን ዛሬ መንፈስ ሞልቶታል ይላሉ፣ የሚያለቅስም አለ፣ ስኳሬ ማለቁን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ጃኬቴን ከኋላ ሳብ፣ ከረሜላዋን መዳፌ ውስጥ ሽጉጥ ታደርጋለች። ወደ ቤት ስንሄድ፣ መንፈስ ቅዱስ አይደለም አንተ ሰውዬ፣ ቁርስ ነው የጎደለህ፣ ትለኛለች፣ ትስቃለች።

ከሞተች ሁለት ዓመት። በሕልሜ እንኳ መጥታ አታውቅም። ባለፈው የበረዶ ወራት አርባ ደቂቃ ጸለይኩ፣ የሚጎትተኝ የለም፣ ወንድሞች አሜን አሜን እያሉ ከቆምኩበት ወደቅኩ፣ ወለሉ ላይ ከተዘረጋሁ በኋላ እንኳ አንዱ አሜን ብሏል አሉ።

አንተ፣ እንደተያዘ ዓሣ አፍህን ከፍተህ ምን ታያለህ፣ ቦዲል ናት፣ እሷም እንደኔ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፣ አፏን የሚችለው የለም፣ በል ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠርልኝ፣ ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ፣ ሰባ... ጀልባ ላይ ዓሣ ስትቆጥርም እንዲህ ነበርክ? ጀልባ ላይ ወደ ላይ ነበር የምቆጥረው አልኳት፣ ሳቀች፣ እሺ፣ መንቀጥቀጡስ? ሦስት። ሦስት አልኩ።

አንድ ደቂቃ ብቻ ጌታዬ፣ አንተ እኮ ሁልጊዜ አብረሃት ነህ፣ ለእኔ አንድ ደቂቃ።

ቶራ። ቶራን አሁን ማን አመጣት፣ የልጄ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በሽታዬን ወረሰች፣ ከጓደኛዋ ጋር ክፍል ተከራይታለች፣ ቶራ ስኳሯ ወርዶ ብትወድቅ ጓደኛዋ መርፌ ልትወጋት አትችልም፣ መርፌ ስታይ ቀድማ የምትወድቀው እሷው ናት፣ ዱቄት ግን ማንም ይነፋል፣ ለዚህ ብዬ ነው የፈረምኩት። አምስቱን ሦስት ካልኩ ውሸቴ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ከዱቄቱ ጋር ተጠቅልሎ ቶራ ክፍል ይገባል። አውቃለሁ። አውቃለሁ አልኩህ እኮ ጌታዬ። ትንሽ ብቻ።

ሳበችኝ። ትከሻዬ ሥር፣ እዚያው የድሮው ቦታ፣ ቆዪ ጉድሩን፣ ደግማ ሳበችኝ፣ ጠንከር አድርጋ፣ እኔ ሞኝ፣ አጠገቤ ቆይ ብላ ስባኝ ታውቃለች እንዴ፣ አንድም ቀን፣ በቃህ፣ ተቀመጥ፣ ጉረስ፣ ይኸው ነው ነገሯ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ይኸው ነው።

ስድስት አልኩ። ቦዲል፣ ስድስት ነው። የቅድሙም ሁለት አልነበረም፣ አራት ነበር፣ ሦስት ያልኩትም አምስት ነበር፣ አስተካክለሽ ጻፊው፣ ዋሽቼሻለሁ። ማንን ልታታልል ነው አንተ ሽማግሌ፣ ትራሱ በላብህ ርሷል፣ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፣ አሁን ቀና በል፣ አለችኝ፣ ዱቄቱ ገባ፣ ይቀዘቅዛል፣ መራራነቱ ጉሮሮዬ ድረስ ይወርዳል። ሰዓቱን ያዘች።

ጌታ ሆይ መድኃኒቱ ይሥራ። ለቶራ ቶሎ ይሥራ፣ ጓደኛዋ ሳትደነግጥ ይሥራ። ለእኔ፣ ዛሬ ብቻ፣ ፈቃድህ ከሆነ፣ ዘግየት ይበል፣ ጃኬት እንኳ አልለበስኩም፣ የሆስፒታል ሸሚዝ ነው፣ እጇ ግን እዚያው ነው፣ ላላ እያለ ነው፣ ከረሜላው ይሸታል፣ አሁንም ይሸታል፣ ትንሽ