አሥራ ሁለት ፈረሰኞች እስከ አራት ሰዓት

ቅዳሜ ኖቬምበር 16 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሮይስተን ቢርድስሊ በፒጃማውና በዝናብ ቦቲው ጓሮ ቆሞ ጮኸ።

"ሞይራ! ቶሎ ነዪ! ነጡብኝ!"

ሚስቱ የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች ወጣች። "ምኑ ነው የነጣብህ?"

"ፈረሶቼ!"

በተገለበጠ ካርቶን ላይ አሥራ ሁለት የአሻንጉሊት ፈረሰኞች ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት አይበልጡም። ከአሥር ደቂቃ በፊት ፈረሶቹ ቡናማ፣ የጋላቢዎቹም መቀነት ደማቅ ቀይ ነበር። ሮይስተን ቀለሙ እንዳይላጥ የመጨረሻውን ቫርኒሽ ረጨባቸው፣ ሻይ ሊጠጣ ገባ፣ ሲመለስ ሁሉም ዱቄት የተነፋባቸው መስለው ጠበቁት። ቫርኒሽ በእርጥብ አየር ላይ አይረጭም። ይህን የማያውቅ ቀቢ የለም። ሮይስተን ራሱ ወደ ጦርነት ጨዋታ ክበቡ ለሚመጣ አዲስ ሰው ሁሉ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲናገረው የኖረ ነገር ነው። ጓሮው ደግሞ ያን ቀን አጥሩ እስከማይታይ ድረስ በጭጋግ ተሞልቶ ነበር።

"ሌላ ቀን ታስተካክላቸዋለህ" አለች ሞይራ።

"ሌላ ቀን የለም፤ ዛሬ አራት ሰዓት ነው!"

እሷም ታውቃለች። አራት ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዊልፍ ኦስክሮፍት ስድስት ዓመት ያቀደው የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ይጀመራል፤ እንደ ድሮው የእርስ በርስ ጦርነት የንጉሡ ጦር በአንድ ወገን፣ የፓርላማው ጦር በሌላው። ሰኞ ደግሞ ዊልፍ ሆስፒታል ይገባል። ሐኪሞቹ ስለ ቀዶ ሕክምናው ሲነግሩት "እንሞክራለን" ነው ያሉት፤ ዊልፍም ይህን ቃል አልወደደውም።

ዊልፍ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከሰል ማውጫው እስኪዘጋ ድረስ ምድር ውስጥ ሠርቷል። ሮይስተንን ብሩሽ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ለዓይን የምትሆን ነጥብ ቀርቶ ኮፍያ እንኳ መቀባት አቅቶታል። በሴፕቴምበር አንድ ቀን ያልተቀቡ ፈረሰኞች ያሉበትን ሳጥን አምጥቶ የሮይስተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የክበቡ ሕግ አንድ ነው፤ ቀለም ያልነካው ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ያለ ፈረሰኛ ደግሞ የንጉሡ ጦር ተሸንፎ ነው የሚጀምረው።

"እኔ እቀባልሃለሁ" ብሎት ነበር ሮይስተን፣ መቼ እንደሚቀባ ሳያስብ።

የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የጠዋት ፈረቃ፣ የማታ ፈረቃ፣ ሁለቱ ሴት ልጆቹ ዋና የሚማሩበት ቀን፣ የአማቱ የሐኪም ቀጠሮ፤ ይህ ሁሉ ተቀንሶ የቀረው የግማሽ ሰዓት የምሳ እረፍቱ ነበር። ከዚያም ላይ ሳንድዊቹ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። የቀረችው ሃያ ደቂቃ ናት። ስለዚህ በምሳ ዕቃው ሥር ስድስት ብልቃጥ ቀለም፣ ሁለት ብሩሽና በጠርሙስ ክዳን ላይ የተለጠፉ ሦስት ፈረሶች ይዞ ይሄድ ጀመር። አንድ ቀን ጫማ ብቻ፣ አንድ ቀን ፊት ብቻ፣ ሌላ ቀን ልጓም።

"ሮይ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ቂጥ ነው የምትቀባው?" ይሉታል ሹፌሮቹ።

"የንጉሡን ፈረስ። ተራህን ጠብቅ።"

አንድ ቀን ብሩሹን ሻዩ ውስጥ አጥቦ ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣው። ያን ዕለት የሹፌሮቹ ካፌ በሙሉ ሳቀበት፣ እሱ ግን ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ አራት ልጓም ስለጨረሰ ደስ ብሎት ወደ አውቶቡሱ ሄደ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው በዘጠኝ ሳምንት አሥራ ሁለቱንም የጨረሰው።

አሁን ነጥተው ቆመዋል። ሮይስተን ስልኩን አነሳ።

"ዊልፍ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትጩህ።"

"ጣልካቸው?"

"ቫርኒሽ ረጨሁባቸው።"

ከዊልፍ በኩል የመስኮት መጋረጃ ሲሳብ ተሰማ። "ውጭ? በዚህ ጭጋግ?"

"አዎ።"

ዊልፍ ሳቀ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ ሳሉ ሲያልፍ እንደገና ሳቀ። "ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ሲሰብክ የነበረው ማን ነበር? አንተ አልነበርክም?"

"ስድቡን ለአራት ሰዓት አቆይልኝ። አሁን መላ ስጠኝ።"

"የወይራ ዘይት አላችሁ?"

"ለሰላጣ የምናደርገው?"

"እሱው። በብሩሽ ጫፍ ብቻ፣ ስስ አድርገህ ቀባና በጨርቅ ጥረገው። አታጥምቃቸው! ስስ!"

ሞይራ ዘይቱን በሻይ ማንኪያ ቀድታ አመጣች። ሮይስተን ብሩሹን አስነክቶ በመጀመሪያው ፈረስ አንገት ላይ አሳረፈው። ነጩ እንደ ጉም ተገፈፈና ቡናማው ብቅ አለ። ከዚያ ጋማው፣ ከዚያ መቀነቱ፣ ያ አንድ ሳምንት የፈጀው ቀይ።

"ሞይራ! እይው! እይው እንጂ!"

"አየሁት፤ አትጩህ፣ ልጆቹ ተኝተዋል" አለች፤ ግን እሷም ድምፅዋ ከፍ ብሏል። ወንበር ሳበችና እጇን ዘረጋች። "ሁለተኛውን ብሩሽ አምጣ።"

ሮይስተን ቀና ብሎ አያት። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራቸው እነዚህን ነገሮች አቧራ ለመጥረግ ካልሆነ በስተቀር ነክታቸው አታውቅም።

"ምን ታፈጣለህ? ሰዓቱ እየሄደ ነው። ከኋላ ነው ከፊት የሚጀመረው?"

"ከፊት። አፍንጫውን በዘይት እንዳትሞዪው።"

"የሰው አፍንጫ ስጠርግ ነው የምውለው፤ ለፈረስ አላንስም።" ሞይራ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አንዱ ቀለማቸው ተመልሶ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ተራው አልደረሰውም። ሮይስተን ነጭ እንደሆነ ከሌሎቹ ጋር ሣጥን ውስጥ ከተተውና ሸሚዙን በመኪናው ውስጥ እየቆለፈ ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ ረጅሙ ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል። ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ተቆርጠው የተሠሩት አጥሮች በየመንደሩ ተተክለዋል። ዊልፍ የሱፍ ኮፍያ አድርጎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ኮቱ ሰፍቶታል። ከጠረጴዛው ማዶ የፓርላማውን ጦር የምትመራው ፔትራ እጇን እያፋተገች ቆማለች፤ በሥራ ቀን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፣ ቅዳሜ ግን ማንንም አትምርም።

ሮይስተን ፈረሰኞቹን አንድ በአንድ ሲደረድር ፔትራ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

"እነዚህ ምን ሆነው ነው የሚያብረቀርቁት? ልትጠብሳቸው ነው?"

"ቅርብ ሆነሽ ብታዪያቸው ደስ ይላቸዋል።"

"ይሄ ነጩስ? ቀለም የነካው ብቻ ነው የሚወጣው።"

"ቀለም ነክቶታል" አለ ዊልፍ ከወንበሩ። "ውርጭ መትቶት ነው። ኖቬምበር አይደለም እንዴ?"

ሰዉ ሳቀ። ፔትራም ሳትወድ ፈገግ አለች። "እሺ፣ ይውጣ። መጀመሪያ የምገድለው እሱን ነው።"

ያለችው ቀልድ ብቻ አልነበረም። አዲስ የተቀባ ጦር በመጀመሪያው ጨዋታ ቀድሞ ያልቃል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ሲሆን ግን ያላየ የለም። ሮይስተን ፈረሰኞቹን ከኮረብታው ጀርባ አደረጋቸው። አንድ ዙር አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የፔትራ መድፎች መሐል ሜዳው ላይ የንጉሡን እግረኞች ያጭዳሉ።

"ሮይ" አለ ዊልፍ፣ "እነዚያ ልጆች ምን ይሠራሉ እዚያ?"

"ይቆዩ። ጊዜው ሲደርስ . . . ዘጠኝ ሳምንት የፈጀ ነገር ነው፣ ዊልፍ።"

"ስድስት ዓመት ሳጥን ውስጥ ቆይተዋል። እኔም ብዙ ቆየሁ።" ቁጥር የሚጣልባቸውን ዳይሶች አነሳ። "መድፉ ላይ።"

"ዘጠኝና ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል" አለች ፔትራ።

"አንቺ ቁጥሩን ለራስሽ ያዢው።"

ዊልፍ ሁለቱን ዳይስ በሁለት መዳፉ ያዘ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሳያራግፋቸው ተራገፉ። ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለሉ ሁሉም አንገቱን ሰገገ። አንዱ ስድስት ላይ ቆመ። ሌላው አጥር ተደግፎ ሊወድቅ ሊወድቅ ሲል ቆየና አምስት ሆነ።

አዳራሹ ጮኸ። ዊልፍ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር፤ እንዴት እንደተነሣ ማንም አላየም። "ግፋ! ግፋ በለው!" እያለ ፈረሰኞቹን በገዛ እጁ ከኮረብታው አሻገራቸው፤ ሁለቱን ጣላቸው፣ ሮይስተን አነሣለት፣ እንደገና ገፋ። የመጀመሪያው መድፍ ተያዘ። ሁለተኛው ተያዘ። ሮይስተን ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ ወንበር ገልብጧል፣ አላስተዋለም።

ከዚያ የፔትራ ጦረኞች መጡና ፈረሰኞቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ወጡ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የንጉሡ ጦር በጠባብ ልዩነት ተሸነፈ። ከአሥራ ሁለቱ ፈረሰኞች ቆሞ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ነጩ።

"እሱን እኮ መጀመሪያ ነበር ልገድለው ያሰብኩት" አለች ፔትራ፣ የዊልፍን እጅ ይዛ።

ሊለያዩ ሲሉ ዊልፍ ከወንበሩ ሥር ሌላ ሣጥን ጎትቶ ለሮይስተን ሰጠው። ሠላሳ ስድስት እግረኞች፣ ሁሉም ያልተቀቡ።

"በሚመጣው ዓመት መድፉን የሚጠብቅልን ያስፈልጋል" አለ። "ጊዜ አለህ?"

"ሃያ ደቂቃ አለኝ።"

"ይበቃል።"

ሰኞ፣ ዊልፍ ሆስፒታል በገባበት ሰዓት፣ ሮይስተን በምሳ እረፍቱ ዕቃውን ከፈተ። ሞይራ ትንሽ ብልቃጥ ዘይት ጨምራለት ነበር፣ ለነጩ ፈረስ። ሳንድዊቹን በላ። ፈረሱን አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ወዲያና ወዲህ አገላበጠው፤ ብሩሹንም አዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ዘይቱን ከድኖ መለሰና ነጩን ፈረስ እንደ ነጣ በደረት ኪሱ ከተተው። ከአዲሱ ሣጥን አንድ እግረኛ አወጣ። ከጫማው ጀመረ።

ዊልፍ ፌብሩዋሪ 9 ቀን ሞተ። ያን ዕለት ከሠላሳ ስድስቱ እግረኞች አሥራ ዘጠኙ ተቀብተው ነበር።