እርሾው ውስጥ ያልቆመው ጓዳ

ሴፕቴምበር 6 ቀን 2018፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር። እኔ ሞሃሊ ከተማ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። ኢሽሚት ካውር የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ባልሆንም "ቪርጂ" እያለች በታላቅ ወንድም ወግ ትጠራኝ ነበር።

ሥራዋን ያስረዳችኝ ራሷ ናት። አንዳንድ ባክቴሪያ በሆዱ ከፕሮቲን የታነጸች ጓዳ አለችው፤ የሚያቃጥለውን መርዝ እዚያ ዘግቶ ይይዘዋል። እሷ ያንን ጓዳ እርሾ ውስጥ ለማቆም ትታገል ነበር። ጓዳው ከቆመ መርዙ አይወጣም። ካልቆመ ጠርሙሱ ይገማል። የበሰበሰ ፖም ላይ ቀለም ማስለቀቂያ የተደፋበት ይመስላል፤ እጄን ሦስቴ ታጥቤ እንኳ የሮቲ ቂጣዬን ስቆርስ ሽታው ይመጣብኛል።

"ቪርጂ፣ ዛሬስ የትኛው ገማ?"

"ሁሉም። ጓዳሽ በር ሳይገጠምለት ቀረ መሰለኝ።"

"የምን በር? ግድግዳ መች አለውና!" ብላ ሳቀች።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ዱጋል ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ በካርቶን ታቅፎ ገባ። የጓዳው ፕሮቲን እንዲያበራ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ በማይክሮስኮፕ እርሾው ውስጥ አረንጓዴ ነጥቦች ሲያበሩ አይቶ ኖሯል።

"ኑ፣ አፋችሁን አጣፍጡ! ጓዳዎቹ ቆመዋል! የምርምር ጽሑፋችን በዚህ ሳምንት ለመጽሔት ይላካል።"

"ሰር፣ ጓዳ አይደለም፤ የጓጎለ ፕሮቲን ነው። የጓጎለም ያበራል። እስቲ ጠርሙሱን ያሽትቱት" አለች ኢሽሚት።

"ማሽተቱን ለአጣቢው ተዪለት፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ከጽሑፉ ላይ የኔን ስም ይሰርዙልኝ። ውሸት ላይ ስሜ እንዲጻፍ አልፈልግም።"

ሳቀ። ፍርፋሪው ከቅቤው ጋር ጢሙ ላይ ተለጥፏል። እኛ ዘንድ የምሥራች ጣፋጭ ሰው ለሰው በእጁ ያጎርሳል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። እሱ ግን ላዱውን ግማሹን ገምጦ፣ ምራቁ ያረጠበውን ቀሪውን፣ ገና እየተናገረች ሳለ አፏ ውስጥ ወተፈው። ወደኔ ማጠቢያ ሮጣ ተፋችው። ውሃውን ከፈትኩ፤ ቢጫው ልቁጥ አልሄድ ብሎ በጣቴ ገፋሁት።

"ጠርሙሱ ይሻላል፣ ቪርጂ" አለች አፏን እየጠረገች።

ኦክቶበር ላይ የዴንጊ ትኩሳት ያዛት፤ በስድስተኛው ቀን ሞተች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዱጋል ለፍትሐት ጸሎቷ ወደ ቤተ መቅደሳችን፣ ወደ ጉርድዋራው መጣና ለእናቷ "ጽሑፉ ላይ ስሟን ከሁላችንም አስቀድሜዋለሁ፣ መታሰቢያ ይሁናት" አላቸው። እናትየው ሁለት እጁን ይዘው አለቀሱ፣ መረቁት። ወጥቼ ጫማዎቹ የተደረደሩበት አጠገብ አስመለስኩ።

ጽሑፉ ፌብሩዋሪ ላይ ወጣ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከጠርሙስ ላይ እያነበብኩ ነው። በዚያችው እንግሊዝኛዬ ጽሑፉን ላወጣው መጽሔት ጻፍኩ። የትኞቹ ጠርሙሶች እንደገሙ ዘረዘርኩ፤ እሷ ስሜ እንዲጻፍ አልፈልግም ማለቷን ነገርኳቸው፤ ስሟን ከጽሑፉ እንዲሰርዙላት ለመንኩ።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ መጽሔቱ ጽሑፉን በሙሉ ሐሰት ነው ብሎ ሰረዘ። በስረዛው ማስታወቂያ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የእሷ ስም ነው።