ከቁልፎቹ ጋር የተንጠለጠለችው ውታፍ

ባሌ ቁልፍ ሠሪ ነው። የሚሳሳለትን ነገር ሁሉ ከቁልፎቹ ጋር ካላንጠለጠለ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰፈሩ «ቃጭል» ያለው በከንቱ አይደለም፤ ሳይታይ ይሰማል።

ካያክ የሚባሉ ሁለት ጠባብ የቀዘፋ ጀልባዎች አሉን፤ ቀዩ የእኔ፣ ቢጫው የእሱ። ብርዱ ሲገባ አጥቦ ጋራዡ ጣሪያ ላይ በገመድ የሚሰቅላቸው እሱ ነው፤ ሙቀቱ ሲመለስ የሚያወርዳቸውም እሱ። «ጋራዡ የእኔ፣ ውሃው የጋራ» ይላል። እኔም ከሸረሪት ጋር ስለማልስማማ ተቃውሜ አላውቅም።

ዘንድሮ ግን ፀሐይዋ ቀደመች። እሱ ሱቅ ሳለ ቀዩን ራሴ አወረድኩት። ለምሳ ሲመጣ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ሐይቁ መሃል ሆኜ እጄን ላውለበልብለት ነበር።

መሃል ስደርስ መቀመጫዬ ራሰ። መቅዘፊያው ያንጠባጠበው መሰለኝ። ከዚያ ጭኔ ራሰ። ወለሉን ዳበስኩ፤ ስንጥቅ የለም። ውሃው ግን ከጀርባዬ ዝም ብሎ ይመጣል። ክው አልኩ። ወደ ዳር ልመለስ ስል ካያኩ እንደ ጠገበ ላም አልዞር አለኝ፤ ከዚያ ጎኑን ሰጥቶ ገለበጠኝ።

ቅዝቃዜው ትንፋሼን ነጠቀኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። የመንሳፈፊያ ሰደርያዬ አገጬን ቀና አድርጎ ያዘልኝ። ጣቶቼ ካያኩን ይጨብጡ ይልቀቁ ግን በዓይኔ ካላየሁ አላውቅም።

ያኔ ቃጭሉ ተሰማ። ባዶውን ገመድ አይቶ ኖሮ ቢጫውን በሣሩ ላይ እየጎተተ ይሮጣል።

«እንዳትለቂው! መጣሁ!»

ውሃው ዳር ደረሰና ቆመ። ቆመ! ከካያኩ ኋላ ተንበርክኮ የሆነ ነገር ያዞር ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ እየሞትኩ ምን ትጠግናለህ!» ልለው ነበር፤ ከአፌ የወጣው የጥርሴ ግጭት ብቻ ነው።

ቀዝፎ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። የቢጫውን ጫፍ አስይዞኝ ጎትቶ አወጣኝ። ኮቱን ደርቦልኝ አጠገቤ ዘጭ አለ። ከዚያ ቁልፎቹን አሳየኝ። ከሱቁና ከቤቱ ቁልፍ መሃል አውራ ጣት የምታክል ጥቁር የጎማ ውታፍ ተንጠልጥላለች።

«የካያክሽ የውሃ ማፍሰሻ መዝጊያ ናት» አለ። «ውስጣቸው እንዲደርቅ ስሰቅላቸው እፈታለሁ። እንዳይጠፉ ብዬ እዚህ... አሁንም የራሴን ሳልገጥም ብመጣ ሁለታችንም...»

«ብርዱን ሙሉ ነፍሴን ኪስህ ውስጥ ይዘህ ስትዞር፣ አንድ ቀን እንኳ አትነግረኝም?»

«ያለ እኔ የምታወርጂው አልመሰለኝም፣ የኔ እመቤት።» ሊስቅ ሞከረና አለቀሰ።

ብርዱ ሲመለስ ካያኮቹን አብረን ሰቀልናቸው። ውታፎቹን እኔ ፈትቼ፣ በየመቀመጫቸው ላይ በሲባጎ አሰርኳቸው። እሱ መሰላሉን ይዞልኝ ያየኛል። ስንወጣ ኪሱን ዳበሰና ድንግጥ አለ።

«ምነው?»

«ቁልፎቼ ቀለሉብኝ።»

ተመልሶ ገባ። ሲባጎውን ሳብ ሳብ እያደረገ ሲፈትሽ ከበሩ ላይ ሆኜ የቁልፎቹን ቃጭል ሰማሁ።