መሪጌታ ወደ ላፕቶፕ ሲዛወሩ

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ኮምፒውተር መንካት የጀመሩት በሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ያስተማረቻቸውም በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈት ሱቅ ያላት ሕይወት ናት፤ ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ ስትተይብ የምትውል፣ ሳቋ ከሱቋ አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ ወጣት። እሷ ስታስተምራቸው እሳቸው ለየነገሩ የራሳቸውን ስም ያወጡ ነበር። ፎልደሩን «ማኅደር» አሉት፣ ጽሑፍ የሚያድርበት ስለሆነ። ስክሪኑ ላይ የሚደረደሩትን ትንንሽ ሥዕሎች ደግሞ እንደ ዜማው «ምልክት» አሏቸው። ሕይወትም ቀስ በቀስ ደንበኞቿን ሁሉ «ማኅደሩ የት ነው የተቀመጠው?» እያለች ትጠይቅ ጀመር።

መሪጌታ ኮምፒውተሩን የፈለጉት ለአንድ ሥራ ነው። የግዕዙን ግስ እየለቀሙ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ በአፉ የሚለውን ያስቀምጣሉ። ገበያ ውለው ሲመለሱ ኪሳቸው በቁራጭ ወረቀት ይሞላል። አንዱ አራሽ ስለ ሞፈር ያለውን፣ አንዷ እናት ስለ ገብስ ቆሎ ያለችውን ጽፈው ይመጣሉ። ከዚያ ከደብሩ በውሰት ያገኙት አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብለው፣ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ሺህ ቃል አልፏል።

በ1999 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ባሕር ዳር የሚሠራው የቀድሞ ተማሪያቸው አዱኛ አንድ ላፕቶፕ ላከላቸው። የሰው እጅ ያየ ቢሆንም ደህና ነበር፤ ባትሪውም ሦስት ሰዓት ይቆያል። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ያሳደጓቸው መምህር የኔታ መልአኩ በጋይንቷ ቤተ ልሔም፣ መብራት በሌለበት፣ ዓይናቸው ደክሞ ቁጭ ብለዋል። «ያን የምትለቅመውን ነገር ሳልሰማው ልሙት?» ብለው ሁለት ጊዜ ሰው ልከውባቸዋል። ኮምፒውተሩን ተሸክመው መሄድ አይችሉም፤ ወረቀት ላይ ቢያትሙት ደግሞ የኔታ የሚሉትን እርማት ሁሉ ጠርዝ ላይ ጭረው ይዘው ቢመለሱ፣ እንደገና መልቀሙ ሌላ ዓመት ሊፈጅ ነው።

«ሕይወት፣ ልጄ» አሏት ሱቋ ድረስ መጥተው፣ «ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ቤት አጓጉዢኝ። ቅዳሜ ወደ ቤተ ልሔም እነሣለሁ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሕይወት ሱቋን ዘግታ፣ ፍላሿን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ አብራቸው ሄደች።

ሥራው ለሷ ቀላል መስሎ ነበር የታያት። አሮጌው ኮምፒውተር እንደ ታመመ ሰው እያቃሰተ ተነሣ፤ ፋይሎቹን በፍላሽ እየጫነች ወደ ላፕቶፑ አራገፈች። ፍላሿ ትንሽ ስለሆነች ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። የመሪጌታ ባለቤት ወለተ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ «አሁንስ ስንተኛው ጭነት ነው?» እያሉ ይቆጥሩላት ነበር።

«ሰባተኛው! አለቀ፣ እማማ!»

መሪጌታ እጃቸውን ታጥበው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡና ግራ እጃቸውን ማውሱ ላይ አሳረፉ። ልጅ ሳሉ ማጭድ የቀኝ አመልካች ጣታቸውን ስለጎዳው፣ ማውስ የሚይዙት በግራቸው ነው። ሕይወት በአሮጌው ላይ የማውሱን ቁልፎች አገላብጣ፣ ቀስቷን አተልቃ፣ ፊደሉን አግዝፋላቸው ነበር። እዚህ ግን ሁሉም ወደ ቀድሞው ነው። ተጫኑት፤ ያልጠበቁት ነገር ዱብ አለ። ደግመው ተጫኑት፤ ሌላ ነገር ተዘረገፈ። አንዱን ማኅደር እንደምንም ከፍተው ጽሑፉን ሲያዩት ደግሞ ፊደል የሚባል የለበትም፤ የላቲን ቁርጥራጭ፣ ነጥብና ጭረት ተደባልቆ ሞልቶታል።

«ሕይወት» አሉ በዝግታ፣ «ይህ የእኔ አይደለም።»

«ፋይሉ አንድ አልጎደለም፣ መሪጌታ! ፊደሉ የጠፋው የፊደሉን ፕሮግራም ስላላመጣሁት ነው፤ አሁን አመጣዋለሁ።»

«ማኅደሮቹስ መጥተዋል እሺ። ቦታ ቦታቸውን ግን አልያዙም።»

ሕይወት ስክሪኑን ልብ ብላ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ማኅደሮቹ በግራ ጠርዝ በኩል በቁጥር ተራ ራሳቸውን ደርድረዋል። ሁሉም ስማቸው ኒው ፎልደር ነው፤ ኒው ፎልደር አንድ፣ ኒው ፎልደር ሁለት፣ እስከ ሠላሳ ሰባት። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ጽሑፍ እንጂ ስም በግዕዝ ፊደል አይቀበልም ነበር፤ መሪጌታም ላቲኑን አያነቡትምና የትኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቁት በቦታው ብቻ ነው። አሮጌው ላይ ማኅደሮቹን ያቆሟቸው እንደ ማኅሌት ነበር። ገሚሱ በቀኝ፣ ገሚሱ በግራ ፊት ለፊት ተሰልፎ፣ ዋናው መዝገብ መሐል ላይ እንደ መሪጌታ ይቆማል። ሕይወት ይህን አምስት ዓመት ሙሉ ስታየው ጌጥ መስሏት ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ደንግጣ። «መጀመሪያ ፊደሉን ላምጣ። ቀጥሎ አሮጌውን እያየሁ አሰላለፉን ወረቀት ላይ እነድፋለሁ፤ ከዚያ እዚህ እንደዚያው አቆማቸዋለሁ። እማማ፣ እርሳስ አለ?»

ወደ አሮጌው ተመለሰች። ፊደሉን ፍላሽ ላይ ጫነችና ነቀለች። ወለተ ጊዮርጊስ እርሳሱን ሲያቀብሏት፣ ከኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ወጣና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ስክሪኑ ጠቆረ። ሕይወት አጠፋችው፣ አበራችው፣ ገመዱን ነቅላ ሰካችው፤ ትንፍሽ የለም።

ሕይወት እርሳሱን እንደያዘች ፊቷ ቀላ። ወረቀቱን አስቀድሜ ብነድፍ ኖሮ ብላ ራሷን ረገመች። መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ወለወሉትና መልሰው ወለወሉት።

«ጽሑፉ ተርፏል» አለች ወደ ላፕቶፑ እያመለከተች። «አንድ በአንድ እየከፈትን እንፈልጋለን...»

«ቅዳሜ ነው መንገዴ» አሉ መሪጌታ። «የኔታ አንድ ቃል ሲጠይቁኝ ሠላሳ ሰባት ማኅደር ስከፍት፣ ስዘጋ ልውል ነው?»

ወለተ ጊዮርጊስ የባቄላውን ሰፌድ ወዲያ አኖሩ። «አንቱ» አሉ ባላቸውን ትኩር ብለው እያዩ፣ «የዓመቱን ቃለ እግዚአብሔር በቃልዎ ይዘው፣ መጽሐፍ ሳይገልጡ ሌሊቱን ሙሉ የሚመሩ ሰው ይቺን ሠላሳ ሰባት ማኅደር መቀጸል አቃተዎት?»

መሪጌታ መነጽራቸውን መወልወል ተዉ።

«ምን አልሽ?»

«መቀጸል ነዋ፣ በቃል መጥራት! አምስት ዓመት ሙሉ ያዩትን!»

መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሡ። ከግድግዳው መቋሚያቸውን አነሡና ቤቱ መሐል ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሕይወት በሩጫ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች፤ ፊደሉን ጫነች፣ የማውሱን ቁልፎች ገለበጠች፣ ቀስቷን አተለቀች፣ ፊደሉን አገዘፈች።

«በቀኝ» አሉ መሪጌታ፣ «ከላይ የመጀመሪያው። ሲከፈት ፊተኛው ቃል ‹ሐረሰ›፤ አረሰ። ከሥሩ የእስቴ ሰው ስለ ድግር የነገረኝ አለ።»

ሕይወት ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። «አገኘሁት! አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነው!» ጎትታ በቀኝ ከላይ አቆመችው።

«ሁለተኛው፤ ‹ዘርአ›፣ ዘራ። ሦስተኛው፤ ‹ዐፀደ›፣ አጨደ። ከሱ ሥር ስለ ማጭድ ሁለት ገጽ አለ፤ ጣቴ አስጽፎኝ ነው።»

ወለተ ጊዮርጊስ ሳቁ። ሕይወትም ሳቀች፤ መሪጌታም ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ መልኩን ለወጠ። እሳቸው በመቋሚያው መሬቱን መታ እያደረጉ ይጠራሉ፤ ሕይወት ትፈልጋለች፣ ትጎትታለች፣ ታቆማለች። ድምፃቸው ሳያስቡት ወደ ዜማ እየሄደ መጣ። «በግራ፣ ከታች ሁለተኛ፣ የከብትና የመሰማሪያ፤» ብለው ሲያዜሙት፣ ከአጥር ማዶ የሚያልፉ ሁለት ካህናት ምን ማኅሌት ነው በሐሙስ ቀትር ብለው ብቅ አሉ። ወለተ ጊዮርጊስ «ግቡ፣ ግቡ፣ መሪጌታ ኮምፒውተር እየቀጸሉ ነው» ብለው አስገቧቸው። ካህናቱ ገብተው ግራና ቀኝ ቆሙ። ከመካከላቸው ባዩ የሚባሉት ቄስ አንድ ማኅደር በተገኘ ቁጥር «እሰይ!» ይላሉ።

ሠላሳ ስድስተኛው ቆመ። ሠላሳ ሰባተኛው ጠፋ።

«በቀኝ፣ ከታች መጨረሻ» አሉ መሪጌታ። «የበልግና የክረምት፣ የደመናው ስም ሁሉ።»

«የለም፣ መሪጌታ። ስክሪኑ ላይ የቀረ የለም።»

«አለ።»

«ቆጥሬዋለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ነው።»

«ሕይወት፣ ያ ማኅደር የስማዳው አለነህ እያስተማረኝ የጻፍኩት ነው። አለ ስልሽ አለ።»

ድምፃቸው ጥርጥር የሚባል አልነበረበትም። ሕይወት ቆም ብላ አሰበች። ስትጎትት ስትጎትት አንዱ ሌላው ላይ ወድቆ ይሆን? የከብቱን ማኅደር ከፈተችው። ከበሬውና ከጊደሩ መሐል አንድ ሌላ ማኅደር ተወሽቋል።

«እዚህ ነው!» ብላ ጮኸች። «ደመናው በረት ገብቶ ነው!»

ቄስ ባዩ እስኪያስላቸው ሳቁ። መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። ሄደው ተቀመጡ፤ ግራ እጃቸውን ማውሱ ላይ አድርገው ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ወደ ግራ ተመለሱ፣ መሐሉን ከፈቱ። ፊደሉ በትልቁ ቁልጭ ብሎ ታየ። የሕይወትን ራስ በመዳፋቸው ዳበሱ።

«ነገሩስ» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ «እኔም ቤተ ልሔምን አይቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ቅዳሜ ሱቅሽን ዝጊያ!» አሉ ወለተ ጊዮርጊስ።

ቅዳሜ ጠዋት በደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከዚያ በሌላ መኪና ወደ ጋይንት ሄዱ፤ አዳራቸውን ከመሪጌታ ዘመድ ቤት አድርገው፣ የቀረውን በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ በእግር ጨረሱት። ላፕቶፑን መሪጌታ ለማንም አልሰጡም፤ ደረታቸው ላይ አቅፈውት ሄዱ።

የኔታ መልአኩ ከጎጇቸው ደጅ በፀሐይ ተቀምጠው ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ከበው ቆሙ። መሪጌታ እግራቸው ሥር ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ፤ አልፎ አልፎ «ደግ»፣ «ይሁን» ይላሉ። ድንገት እጃቸውን አነሡ።

«ያን ድገመው።»

«‹ኬደ›፤ ረገጠ፣ ተራመደ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ የኔታ።»

«ምን ጎደለህ አንተ! በሬው አውድማ ላይ ሲዞርስ? ‹አበራየ›ን የት ጣልከው? የገበሬ ልጅ አይደለህም?»

ደቀ መዛሙርቱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ከለሉ። መሪጌታ ቀልተው፣ በግራ እጃቸው ቀስቷን አምጥተው፣ እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጡ ጻፉት።

«ገባ?» አሉ የኔታ።

«ገባ።»

«አሁኑኑ? ሳትገለብጠው?»

«አሁኑኑ፣ የኔታ።»

የኔታ ይህን ለማመን ጥቂት ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ በእጃቸው እየፈለጉ ላፕቶፑን ነኩት፤ በሥራ ሞቆ ነበር። «ትኩስ ነው» አሉ እየሳቁ። ሕይወትም ሳቀች፤ ድምፅዋን ሰምተው ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ባትሪ ያላችሁት ስንት ቃል ይቀረዋል?»

ሕይወት የስክሪኑን ጥግ አየች። «ሁለት ሰዓት ያህል አለን፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ምን ዝም ትላላችሁ?» አሉ። «ቀጥል፣ ቀለመ ወርቅ!»