ኮት ያልለበሰ አይገባም

ተማሪዎቹ «አባባ ቁልፉ» ይሉታል። የቁልፉን ዘለላ ወገቡ ላይ እያንቀጫቀጨ ከዋናው በር ወደ ጓሮው፣ ከጓሮው ወደ ዋናው በር ሲመላለስ የኖረ ዘበኛ ነው። ሰው ይወደዋል። አርፍዳ የምታለቅስ ሕፃን ካየ በጓሮ በር ሹልክ ያደርጋታል፤ ምሳ ዕቃውን መኪና ውስጥ ረስቶ የገባ ልጅ ካለም እየሮጠ ክፍሉ ድረስ ያደርስለታል። ወላጆች ሲያልፉ ከመስኮታቸው እጃቸውን ያወዛውዙለታል፤ እሱም ቆቡን ብድግ ያደርጋል።

በስተርጅና ያገኛት አንዲት ልጅ አለችው፤ ሚጣ ነው የሚላት። የሠራተኛ ልጅ በነፃ ስለሚማር፣ ያ የደህና ሰዎች ልጆች የሚውሉበት ትምህርት ቤት የእሷም ሆነ። ጠዋት ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመጣሉ።

«አንተ ከቀረህ ትምህርት የለም ማለት ነው አይደል?» ትለዋለች።

«እንዴታ! ዳይሬክተሩም ውጭ ነው የሚቀረው» ይላታል፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

የትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ሸሚዝ፣ ከረባትና ገበር ያለው ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው። ይህን ደንብ ያወጣውን ሰው ምን ዓይነት ብርድ መትቶት እንደነበር እንጃ። በክረምቱስ ይሁን፤ ዝናቡ ከሄደ በኋላ ግን የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል ክፍሎቹ ምድጃ ይሆናሉ። ልጆቹ እንደተጠማ ጫጩት አፋቸውን ከፍተው ይማራሉ። ኮት ማውለቅ ታዲያ ክልክል ነው፤ በክፍልም፣ በእረፍትም፣ በሰልፍም። «ዲሲፕሊን እንደ አየሩ አይለዋወጥም» ይላል ዳይሬክተሩ። የእሱ ቢሮ ማቀዝቀዣ አለው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሚጣን ነሰራት። መምህሯ ደሙ ኮቱን እንዳያበላሸው መሐረብ ሰጠቻት እንጂ አውልቂው አላለቻትም። ትንሽ ቆይታ ልጅቱ ተዝለፍልፋ ከወንበሯ ወደቀች። አባቷ ተጠርቶ ሲደርስ ፊቷ አመድ መስሏል። አቅፎ ጥላ ሥር ወሰዳት፤ ኮቷን አወለቀላት፣ ከረባቷን ፈታላት፣ ውሃ ረጫት። ነፍሷ መለስ ሲል መጀመሪያ ያለችው፣ «ኮቴን አልብሰኝ፤ ይቆጡኛል» ነበር።

አለበሳት።

ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም፤ ልጅቱ ግን አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻት።

ሚስቱ በአንድ የላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ ነው የምትውለው። ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ለእሷ አይነገራትም። የመጣባትን የምትናገር፣ አንገቷን መድፋት የማታውቅበት ሴት ናት።

«መልሰህ አለበስካት?» አለችው።

«እሷው ናት አልብሰኝ ያለችው።»

«እሳት ልጨብጥ ብትልህም ትሰጣታለህ ማለት ነው!»

ቆቡን አንሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። ዝምታ ሲመቸው የኖረ ሰው ነው።

በዚያው ሳምንት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ሴትየዋ ከዚያ በፊት ሄዳ አታውቅም፤ የዘበኛ ሚስት ከነዚያ ሰዎች መሀል ተቀምጣ ምን ትላለች? ያን ቀን ግን ከሥራ አስፈቅዳ ሄደችና ከኋላ ተነሥታ ተናገረች። ነስሩን፣ መውደቋን፣ «ይቆጡኛል» ማለቷን ሁሉ። ከዚያ አንዷ ፋርማሲ ያላት እናት ተነሣች፤ የእሷም ልጅ ጀርባው በሽፍታ አልቋል። አንዱ ጠበቃ ተነሣ። ከዚያማ የማይነሣ ጠፋ።

ዳይሬክተሩ እስኪጨርሱ ጠብቆ፣ «ደንቡ የትምህርት ቤቱ መልክ ነው። ያልተስማማው ወላጅ ካለ፣ ከተማው ትምህርት ቤት ሞልቶታል» አለና ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

ወላጆቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ቀሩ። ጠበቃው መሀላቸው ቆመ፤ ጉሮሮው ለንግግር የተፈጠረ ሰው ነው። «ደንብን ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ይሽረዋል! ሰኞ አንድም ልጅ ኮት ለብሶ አይምጣ። ሁላችንንም ሊያባርር አይችልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አለ። ተጨበጨበ። ባለ ፋርማሲዋ የዘበኛውን ሚስት አቀፈቻትና፣ «እህቴ፣ አንቺ ባትጀምሪው እኮ ሁላችንም አፋችንን ይዘን ነበር የምንገባው» አለቻት። በዚያ ግቢ «እህቴ» ብሎ የጠራት ሰው ኖሮ አያውቅም። ቤቷ እስክትደርስ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም።

እሑድ ከሰዓት ለባሏ ነገረችው።

«ነገ ሚጣ በሸሚዝ ብቻ ነው የምትሄደው። እኔው አደርሳታለሁ።»

«በሩ ላይ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱማ ነው ደስ ያለኝ። ሌላ ዘበኛ ቢሆን እሰጋ ነበር።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አታስገባ ያለኝ እንደሆነስ? እነሱ ሲከፋቸው ልጃቸውን በመኪና ጭነው ሌላ ቦታ ያስገባሉ። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

«ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንተን ለይቶ ምን ያደርግሃል? በሩን ክፈት። ከዚህ ሌላ ምን ጠየቅኩህ?»

«ሰው አብሮሽ የሚሆነው ጭብጨባው ላይ ነው። እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«አንተ የምታውቀው መኪናቸውን ነው» አለችና ሸሚዙን ልትተኩስ ተነሣች።

ሰኞ ዳይሬክተሩ ከወትሮው ቀድሞ ደረሰ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ዛሬ ኮት የሌለው አንድ ልጅ ከገባ፣ አንተ ትወጣለህ» አለው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ከዚያ ከዘበኛው ጀርባ፣ ጥላው ላይ ቆመ።

ወላጆቹ እውነትም መጡ። ልጆቹ ሁሉ በሸሚዝ ናቸው፤ ነጭ በነጭ ሆኖ የእግረኛው መንገድ ሞላ። ከፊት ለፊት ሚስቱ ቆማለች፤ ሚጣን በእጇ ይዛለች። ከኋላ አንዱ፣ «ሁላችንም አንድ ነን!» ብሎ ጮኸ። ዘበኛው ትንሿን በር ዘጋና ቁልፉን ይዞ ቆመ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

ዳይሬክተሩ ወደ ፍርግርጉ ተጠጋ። «ዛሬ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እንደሚጀመር ታውቃላችሁ። ደወል ሲደወል ውጭ የተገኘ ልጅ አይፈተንም። ውሳኔው የእናንተ ነው» አለና ወደ ጥላው ተመለሰ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ጠበቃው ነው። ሰዓቱን አየ፣ ልጁን በትከሻው ያዘ፣ ወደ መኪናው ሄደና የኋላውን ክዳን ከፈተ። ኮት አወጣ። ያን ጊዜ ያልተከፈተ መኪና አልነበረም። ኮት ከወንበር ሥር ወጣ፣ ኮት ከቦርሳ ወጣ፣ ኮት ከፌስታል ወጣ። ሁሉም ይዘው መጥተዋል። የዘበኛው ሚስት ከኮቶቹ እጥፋት ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። የልብስ ነገር ሥራዋ ነው፤ በችኮላ የተጠቀለለ አንድም የለም። ሁሉም ከማታው ታስቦበት፣ ተተኩሶ፣ በሥርዓት የታጠፈ ነው።

ኮቱን ቤቷ ትታ የመጣች እሷ ብቻ ናት።

ዘበኛው በሩን ገርበብ አደረገ፤ ኮት የለበሱት አንድ በአንድ ገቡ። ባለ ፋርማሲዋ ልጇን እየገፋች ስታልፍ፣ «ፈተና ባይሆን ኖሮ እኮ...» አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

«እህቴ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አለቻት የዘበኛው ሚስት።

ሴትየዋ መሬት መሬት እያየች ወደ መኪናዋ ሄደች።

ደወል ተደወለ። በሩ ላይ ሚጣ ቀረች። እናቷን ለቅቃ ወደ ፍርግርጉ ተጠጋችና ፈገግ አለች። «አባዬ፣ ክፈትልኝ እንጂ! ፈተናው ሊጀመር ነው።»

እየቀለደ መስሏት ነበር።

ዘበኛው ዞር ብሎ አየ። ዳይሬክተሩ ጥላው ላይ ቆሞ ያየዋል። አንዲት ቃል ቢናገር፣ አንድ ጊዜ ቢጮህ፣ ምናልባት ዘበኛው ወይ ይለምነው፣ ወይ ይቆጣ ነበር።

«ሮጠሽ ኮትሽን ይዘሽ ነይ» አላት።

«ቤታችን እኮ ሩቅ ነው፣ አባዬ።»

«ተው» አለችው ሚስቱ፤ ድምፏን እንዲህ ለስልሶ ሰምቶት አያውቅም። «ለእኔ ብለህ አይደለም። ፊቷን እያት።»

ፊቷን አላየም። ያየው ቁልፉን ነው። «ደንብ ነው» አለና በሩን ቆለፈ።

ስንቱን አርፋጅ በጓሮ በር ሹልክ ያደረገ ሰው፣ የጓሮ በር መኖሩ ትዝ ያለው ከሰዓት በኋላ ነው። ትዝ ሲለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ዳይሬክተሩ ሲወጣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ሠራተኛ ማለት እንዳንተ ነው» አለው።

ማታ ቤት ሲገባ የጮኸበት የለም። ሚስቱ ራት አቀረበችለት። ሚጣ ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች፤ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ግን ከአተነፋፈሷ ያስታውቃል። በማግስቱ እናቷ እጇን ይዛ ከገበያው ማዶ ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስመዘገበቻት። ተማሪው ብዙ ነው፣ ወንበር አይበቃም፣ ሦስት ሆነው አንድ መጽሐፍ ያነባሉ። ኮት የሚባል ነገር ግን የለም።

ሙቀቱ ባሰ። ከወር በኋላ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሽልማት ሊሰጥ መጣ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ ልጆቹ በኮታቸው ተሰልፈው፣ ሰውየው ገና ንግግሩን ሳያጋምስ ላቡ ዓይኑ ገባ። «ኧረ ይሄ እንዴት ይቻላል!» አለና ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለው። ዳይሬክተሩ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ የራሱንም አወለቀ። ልጆቹም እንዲያወልቁ ተነገራቸው። በማግስቱ፣ «ለተማሪዎቻችን ጤንነት በማሰብ በሙቀት ወራት ኮት አይለበስም» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። ለጣፊው አባባ ቁልፉ ነው።

ጠበቃው መኪናውን አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «አየህ አባባ፣ ወላጅ በአንድነት ከቆመ የማይሆን ነገር የለም» አለው። ዘበኛው ቆቡን ብድግ አደረገ።

ያን ቀን ከሥራ ወደ ቤቱ የሄደው በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። ሚስቱ ዕቃ ታጥባለች፣ ሚጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«ኮቱ ቀረ!» አለ ገና ከደጃፍ። «ዳይሬክተሩንም ጠይቄዋለሁ፤ ትመለስ ብሏል።»

ሚስቱ እጇን ከውሃው አላወጣችም። «እሷን ጠይቃት» አለች።

ልጅቱ እርሳሷን አስቀመጠች። ለጠየቃት ሰው በሥርዓት መመለስ የምትወድ ልጅ ናት። «አልመለስም» አለች። «የአሁኑ ትምህርት ቤት ዘበኛ አያውቀኝም። ቢዘጋብኝም አይከፋኝም።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ኮት የተነሣ ነገር የለም። ሚስቱ ቀስ በቀስ ማነጋገር ጀመረች፤ ትዳር ነውና የጨው፣ የውሃ፣ የጣሪያው ቀዳዳ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። ሚጣም አላኮረፈችም። ውሃ ስትባል ውሃ፣ ጫማ ስትባል ጫማ ታቀርባለች። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። አንድ ማታ፣ «አባዬ፣ ራትዎ ቀርቧል» አለችው። የሰማው ነገር የጆሮው ስህተት መሰለው። ነገሩ ግን በዚያው ቀጠለ፤ «ይቀመጡ»፣ «ደህና ዋሉ?»፣ «እንደምን አደሩ?» «አንተ» የምትለዋ ቃል ከአፏ ጠፋች።

ጎረቤቶች ይህን ሰምተው ተደነቁ። «የዛሬ ልጅ አባቱን አንቱ ሲል የት ይገኛል!» አለችው አንዷ ባልቴት። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አሳደግክ!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አባባ ቁልፉ፤ ቆቡንም ብድግ አደረገ።