ሠላሳ አንድ ግራኞች

«እስቲ ግራኝ የሆናችሁ እጃችሁን አውጡ» አለች ተመራማሪዋ።

ከክፍሉ ሙሉ ልጃገረድ አንዲት እጅ ብቻ ብድግ አለች፤ የታክ ሶሪም። ተመራማሪዋ ጉ ቦንሂ ይህን ለማየት ስትል ነበር በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ከጆንጁ ከተማ ወደ ጉንሳን የመጣችው። ይዛው የመጣችውን የወረቀት ክምር ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ይገርማል። ባለፈው በሞላችሁት መጠይቅ ላይ ሠላሳ አንዳችሁም ግራኝ ነን ብላችኋል። ሠላሳ አንዳችሁም ስምንት ሰዓት ሙሉ ትተኛላችሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡም ሠላሳ አንዳችሁም እየፈነደቃችሁ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሶሪም ግን እስከ ጆሮዋ ቀላች። የተኮረጀው የማን ወረቀት እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር።

ነገሩ ተንኮል አልነበረበትም። ሶሪም ከክፍሉ አንደኛ ናት፤ የምትቀመጠውም ከፊት ነው። እነዚህ ልጆች ደግሞ የሚጠቆር ክብ ያለበት ወረቀት ካዩ «መልሱ የቱ ነው?» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልለመዱም። መጠይቁ የመጣ ቀን ከኋላዋ የምትቀመጠው ዳህዬ ጀርባዋን በእርሳስ ነካ አድርጋ «ሰባተኛው ስንት ነው?» አለቻት። ሶሪም ወረቀቷን ገለጥ አደረገችላት። ከዚያ በኋላ እንደ ጉንፋን ከረድፍ ወደ ረድፍ ተዛመተ። የሶሪም መልስስ መቼ እውነት ሆኖ! አምስት ሰዓት እንኳ አትተኛም፤ የትምህርት ቤቱን በር ስታይ ወደ ቤቷ መመለስ ያምራታል። ጥያቄዎቹን ያነበበችው ግን ጠያቂው የሚወደው መልስ የትኛው ነው እያለች ነበር። በዚህ የሚወዳደራት የለም።

«እንደገና እንሞላለን» አለች ቦንሂ። «ስም አይጻፍበትም። ፈተና አይደለም፤ መልሱን እኔም አላውቀውም። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት እዚህ ታጉራችሁ ማጥናታችሁ ይጠቅማችሁ እንደሆነ፣ ይጎዳችሁ እንደሆነ ላውቅ ነው የመጣሁት። ከዋሻችሁኝ ግን ‹ደስተኞች ናቸው፣ ይቀጥል› ብዬ ከመጻፍ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

በሩ አጠገብ የቆሙት ምክትል ርእሰ መምህሩ ፕዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሶሪምን ወደ ኮሪደሩ ጠሯት።

«ሶሪም፣ ልጄ» አሏት፣ የአባት በሚመስል ድምፅ። «በሚቀጥለው ዓመት ለሕክምና ኮሌጁ የምንጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ፣ መምህር።»

«እናትሽም ያውቃሉ። ባለፈው ዓሣ ልገዛ ብሄድ ስላንቺ አውርተው አልጠግብ አሉ። እና ልጆቹ የሚያዩት አንቺን ነው። እንደ ባለፈው ይሁን። የእጁን ነገር ብቻ አስተካክሉት።»

ሶሪም ፈራች። እናቷ በዓሣ ገበያው ውስጥ «ዶክተሯ ልጄ» ብላ ያላወራችለት ሰው የለም። ሆድ ይፍጀው ብላ ብትሞላው ማን ይጠይቃታል? ግን ባለፈው ሳምንት በማታው ጥናት የዳህዬ አፍንጫ ደምቶ ደብተሯ ላይ ተንጠባጥቦ ነበር። ዳህዬ በእጅጌዋ ጠረገችውና ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። ማንም አልተነሳም። ሶሪምም የጀመረችውን ሒሳብ ሳትጨርስ ዞር አላለችም፤ ይህ አሁን አንገበገባት። እውነቱን ብጽፍስ ብላ አሰበች። እሱንም ይኮርጁታል። የሷ እውነት ደግሞ ለሠላሳ ሰው አይበቃም።

ተመልሳ ገብታ ወረቀቷን ተቀበለች፤ አልተቀመጠችም። ጠረጴዛዋን በሁለት እጇ ያዘችና ወለሉ ላይ እያስጮኸች በረድፎቹ መካከል ጎትታ ከኋላ ግድግዳው ጋ አደረሰችው። ከዚያ ወንበሯን ልትወስድ ተመለሰች።

«አንቺ፣ አበድሽ እንዴ?» አለች ዳህዬ። «እኔስ ማንን ልይ?»

«ማንንም አትይ።»

እርሳሶች ሁሉ ቆመው ቀሩ። ጥቂት ቆይታ ዳህዬ አላስችል ብሏት ዞረችና ከክፍሉ ዳር እስከ ዳር ጮኸች።

«ሰባተኛውን ብቻ! በናትሽ!»

«እኔ በምን አውቄ? ትናንት ማታ ለስንት ሰዓት ተኛሽ?»

የሳቀ ሰው ነበር። ዳህዬ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ቆመች። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ሦስት ሆነ።

«ወይ ጉዴ» አለች በቀስታ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፊቷን አዙራ አጎነበሰች። አጠገቧ ያለችው ልጅም አጎነበሰች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ቀስ በቀስ ክፍሉ በእርሳስ ድምፅ ተሞላ።

«መምህር ፕዮ፣ ይቅርታ፣ ሲሞሉ ውጭ ቢጠብቁን» አለች ቦንሂ። እሳቸው ግን ሶሪምን ተከትለው ገብተው ነበር፤ ያልሰሙ መስለው በረድፎቹ መካከል ወደ ኋላ ሄዱ፤ መጥተውም ከሶሪም ራስ በላይ ቆሙ። ሶሪም አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነበረች፦ ‹ቢከፋሽ የምትነግሪው አዋቂ ሰው በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ አለ?›

ወረቀቷን በክንዷ ልትሸፍነው ትችል ነበር። ክንዷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። ጥርሷን ነክሳ፣ ‹የለም› የሚለውን ክብ ነጭ ሳታስቀር አጠቆረችው፤ ቀና ብላም አየቻቸው። ፕዮ አንብበውታል።

ሶሪም ጠበቀቻቸው። ዝም ሲሉ ወደ አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ አለፈች።