የአራስ ቤት መስኮት

ልጄ እፀገነት በወለደች በወሯ መስኮቱን ከፈተች፤ ዘጋሁት። ደግማ ከፈተች፤ ደግሜ ዘጋሁት። አራስ ናት እኮ፤ ብርድ ከገባት ዕድሜ ልኳን አይለቃትም ተብዬ ነው ያደግሁት። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፣ አልክድም። የእነሱ ቤት መካኒሳ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የነፋሱ ነገር አይነሣ፤ በበሩ ሥር ሳይቀር አሮጌ ነጠላ ወትፌ ነበር።

«እማዬ፣ አየር አጠረኝ፤ ልሞት ነው» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል።

«አጥሚትሽን ጠጪና ተኚ፤ አራስ ስትባይ ሞልቃቃ ሆንሽ» አልኳት። አፌ እንዲህ ነው፣ ምን ላድርገው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ለቀቃት። በማግስቱ ተመለሰባት፤ ከዚያ በየቀኑ ሆነ። ባሏ ኢያቄም ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ልቧ ደህና ነው ተባለ። ነርሷ ከወሊድ በኋላ አንዳንድ እናቶችን እንዲህ ያለ ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም እንደሚይዛቸው፣ እንደሚታከምም ነገረቻት። ሲነሣባት ቀስ ብላ እንድትተነፍስ አሳየቻት፤ ሐኪም እንዲያያትም ቀጠሮ ያዘችላት። እኔ ግን መስኮቴን እንደዘጋሁ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሕፃኗን አጥብታ ሳትጨርስ ተነሣባት። ዝማሬን ለእኔ አስታቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ሲያልፍላት ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ ውሰጃት። ሀና ማርያም ቤትሽ ይዘሻት ሂጂ። እጄ ላይ እያለች ቢነሣብኝና ብጥላትስ? እስኪሻለኝ አንቺ ጋ ትሁን።»

«እስኪሻልሽ ስንት ጊዜ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

እኔ ግን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው።

እፀገነትን ራሷን ለእህቴ ለክብረት፣ ነፍሷን ይማር፣ ሰጥቼ የቆየሁት ያን ያህል ነው። እሷን በወለድኩ በወሩ ልቤ ድው ድው እያለ፣ ጉሮሮዬ እየተዘጋ፣ አሁን ሞትኩ እል ነበር። ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። አልጋ ላይ ጥያት ደጅ የሮጥኩ ቀን ክብረት መጥታ ወሰደቻት። ሲሻለኝ ላመጣት ብሄድ በክብረት ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ እሷን «እማ» እያለች አለቀሰች። ለሰው ሁሉ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ። ለራሷም፣ ስታድግ፣ ያንኑ አልኳት።

ዝማሬን እንደታቀፍኩ ይህን ሁሉ ለእፀገነት ነገርኳት።

«ሥራ ነው ብለሽኝ ነበር» አለች።

«አፍሬ ነው ልጄ።»

«እኔ እኮ እስከ ዛሬ ሳትፈልጊኝ የሰጠሽኝ ነበር የሚመስለኝ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ ስትኖር እኔ አላወቅሁም። «አልወስዳትም» አልኳት። «እዚሁ ከአንቺ ጋ እሆናለሁ። ሲነሣብሽ እቀበልሻለሁ፤ ሲያልፍልሽ ትወስጃታለሽ። ሐኪሙም ጋ አብረን እንሄዳለን።»

ተነሥቼ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

አሁን ሕክምናዋን ጀምራለች። አሁንም ይነሣባታል፤ ሕፃኗን ተቀብዬ አጠገቧ እቀመጥና ነርሷ እንዳሳየቻት አብረን እንተነፍሳለን። ዛሬ ጠዋት ሲያልፍላት እጇን ዘረጋች፤ ልጇን ሰጠኋት። ዝማሬ አየቻትና ፈገግ አለች፤ የመጀመሪያዋ ነው። እፀገነት በእንባዋ መሃል ሳቀች።

«እኔስ መጀመሪያ የሳቅሁት መቼ ነበር እማዬ?»

«አላየሁም ልጄ» አልኳት።

ያየችው ክብረት ናት። እሷም የለችም።